የአዲሱን ዕድሜ የተጠየቅሁ ጊዜ

ባለፈው ወር የልጄ የሲሳይ ሚስት ሴት ልጅ ወለደች። እናቲቱ ገና ከአልጋዋ ሳትነሳ አንዲት ወጣት ነርስ መጥታ ስለ ሕፃኗ ትጠይቅ ጀመር። ቀኑን ጻፈች፣ ወሩን ጻፈች፣ ዓመቱን ጻፈች፤ በመጨረሻም ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብላ አይታ የተወለደችበትን ሰዓት ሳይቀር ጻፈች። «ሰዓቱ ደግሞ ምን ያደርጋል ልጄ?» አልኳት። «ኋላ ይጠቅማታል እማማ» ብላኝ ወደ ሌላዋ አልጋ ሄደች። ሲሳይ ሳቀ። እኔ መሳቅ አልሆነልኝም። ሲሳይ ራሱ መቼ እንደ ተወለደ ሁለት መልስ አለ፤ አንዱ የኔ ነው፣ ሌላው የአባቱ። በመካከላቸው አራት ዓመት አለ። ዛሬ ለቀልድ የምናወራው ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሰፈሩን ሁሉ ያጣላ፣ እኔንም እንቅልፍ የነሳኝ ነገር ነበር። ከጤና ጣቢያው ወጥቼ ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት ስለ ልጅ ልጄ ሳይሆን ስለ ሲሳይ አብሮ አደጎች፣ ስለ አዲሱና ስለ ማሩ ነው።

ያን ጊዜ የምንኖረው ደባርቅ አልቆ የገብሱ ማሳ በሚጀምርበት፣ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ዛሬ ቦታው ብሎኬትና ቆርቆሮ ሆኗል፤ ቤታችን የነበረበትን ለማግኘት እኔም መቆም አለብኝ። አስፋልቱ ሳይመጣ መንገዱ ጠጠር ነበር። በሊማሊሞ ወጥቶ የሚመጣ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር አጥበን ያሰጣነው ልብስ አቧራ ይለብሳል። መታጠፊያው ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ባለቤቷ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ትልቅ ቴፕ ነበራት። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ እንደ ሰከረ ሰው ቃሉን ይጎትታል፤ ልጆቹ ደግሞ እንደዚያው እየጎተቱ ያጅቡታል። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም ነበር። ሃምሳ ሳንቲም ያለው አንዱ ልጅ ይገባል፣ አምስቱ በር ላይ ቆመው ዘፈኑን በነፃ ይሰማሉ። እግራቸው ላይ ያለው ኮንጎ ጫማ ነው። ሲበጠስ በጋለ ቢላዋ ይጣበቃል፤ ጭሱ ልብ ያጥወለውላል። ዛሬም የሚቃጠል ፕላስቲክ ሲሸተኝ ሦስት ልጆች እምድጃዬ ዙሪያ ቁጢጥ ብለው «እኔ ልያዘው፣ እኔ ልያዘው» እያሉ ቢላዋ ሲሻሙ ይታየኛል። ሲሳይ፣ አዲሱና ማሩ። እጃቸውን እንዳያቃጥሉ እፈራ ነበር። የምፈራው ሁልጊዜ የማይሆነውን ነው።

አዲሱ የጡት ልጄ ነው። እናቱ ጥሩዬ ከልጅነቴ ጀምሮ ጓደኛዬ ነች፤ ውሃ አብረን የቀዳን፣ በአንድ ዓመት የተዳርን። እኔ ሲሳይን ወልጄ ጥቂት ወር እንደ ቆየሁ እሷ አዲሱን ወለደች። አራስ ቤት ሳለች ምች መታትና ጡቷ ደረቀ። ያን ጊዜ የቆርቆሮ ወተት የሚባል ነገር ሲወራ እንሰማለን እንጂ አናየውም። አንስቼ አመጣሁትና ከሲሳይ ጋር አጠባሁት። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ይዤ ስቀመጥ አማቴ «ላሚቱ» ትለኝ ነበር። እናቱ እስክትድን ድረስ ብዬ የጀመርኩት ዳዴ እስኪል ቀጠለ። ከዚያ በኋላ ጥሩዬ ቤት ሲበላ ይበላል፣ እኔ ቤት ሲበላም ይበላል። ማሩ የጎረቤቴ የእናኑ ልጅ ነው፤ ከሁለቱ በጥቂት ወራት ይቀድማል። እናኑ ባሏ ሞቶባት ማሩን ብቻ ይዛ ቀርታለች። ሦስቱም አብረው አደጉ፣ አብረው ፊደል ቆጠሩ። እኔ መሠረተ ትምህርት ተምሬ ማንበብ ስለምችል ማታ ማታ የቤት ሥራ የማሳያቸው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ሲያልፉኝ ደግሞ የማውቅ መስዬ እቀመጥ ነበር።

ከዚያ የመሬት ሽግሽግ መጣ። ዕድሜው የደረሰ ወጣት በስሙ ድርሻ ያገኛል ተባለ። ያን ሰሞን የሰፈራችን ልጆች በአንድ ሌሊት አደጉ። ማን እንደ ጀመረው አላውቅም። ስብሰባው ላይ አንዱ አባት ተነስቶ «ልጄ አሥራ ስምንት ሞልቶታል» አለ፤ ኮሚቴውም ልጁን ያውቀዋል፣ ከብት ሲያስት ጆሮውን ቆንጥጦታል፤ ግን ዝም አለ፣ ምክንያቱም የኮሚቴው ልጆችም እዚያው ተሰልፈዋል። ኮሚቴ የነበረው ጎረቤታችን ካሴ ደግሞ ሴት ልጁን እንዲያ ከማሳደጉ የተነሳ ከእናቷ የምታንሰው በአሥር ዓመት ብቻ ሆነ። የኔም ባል፣ የአዲሱም አባት መልኬ፣ እናኑም ልጆቻቸውን አሳደጉ። ሦስቱ አሥራ አራት ዓመታቸው ነበር፤ አሥራ ስምንት ሆነው ወደ ቤት ተመለሱ። እኔ «ይኼ ነገር ኋላ ምን ያመጣ ይሆን?» ብዬ ነበር። ባለቤቴ «መሬት ያመጣል» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አመጣ። ያን መሬት እስከ ዛሬ እንበላበታለን።

ሲሳይና ማሩ ነገሩን እንደ ቀልድ አይተው ትምህርታቸውን ቀጠሉ። አዲሱ ግን የምር ወሰደው። ትምህርቱን ትቶ ድርሻውን ራሱ ማረስ ጀመረ። አንድ ፈረንጅ ተራራ ሊያይ መጥቶ ሲመለስ ለበቅሎ ነጂው የተወው ሰማያዊ ካፖርት ነበር፤ አባቱ ያንን ከሰልባጅ ገበያ ገዛለት። እሱን ደርቦ፣ በሬዎቹን እየነዳ፣ እንደ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብሎ ሰላምታ እየሰጠ ሲያልፍ ልጆቹ «አባወራው መጣ!» ይሉታል። «አባወራው፣ እንደምን አደሩ? ባለቤትዎ ደኅና ናቸው?» እያሉ። ማሩ ደግሞ ምላሱ አያርፍም ነበር፤ ሌላው አንድ ጊዜ የሚለውን እሱ አሥር ጊዜ ይለዋል። እኔም ስቄያለሁ። ሁላችንም ስቀናል።

በገና ዕለት የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች ገና ይጫወቱ ነበር። በዚያ ጨዋታ ስድብ ይፈቀዳል፤ ጌታውን ባሪያው፣ ቄሱን ዲያቆኑ በግጥም ይሰድበዋል፣ ማንም አይቀየምም። ያን ዕለት ማሩ ለአዲሱ ግጥም አወጣለት፤ ጢም ስለሌለው አባወራ፣ ሚስቱ ጡት ስለምታጠባው። ሜዳው ሁሉ ተቀበለው። ጨዋታው አልቆ ሰው ሲበተን አዲሱ በአቋራጩ ቀድሞ ሄዶ ማሩን ጠበቀው። በዚያው በገና ዱላው ጭንቅላቱን መታው። ይህን ያየው ሲሳይ ነው። እየሮጠ መጥቶ በሩን ይዞ ቆመና «ወድቆ ሳለ ደገመው፣ እማ» አለኝ። «ወድቆ ሳለ ደገመው።» ማሩ በማግሥቱ አረፈ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አብዛኛውን አላስታውስም። የማስታውሰው እናኑ ከል ለብሳ በራችን ላይ ስታልፍ ወደ ቤቴ ለመግባት እግሯ በልማድ ዞር ሲልና መልሳ ስትሄድ ነው። እኔ የገዳይ ጡት እናት ነኛ። ፖሊስ ዕድሜውን ሲጠይቅ አባቱ መልኬ «ሃያ» አለ። መሬቱ እንዳይሄድ ፈርቶ ነው። «አንዱ ልጄ ሄዷል፣ የተቀሩት ምን ይብሉ?» አለ አሉ። አዲሱም አባቱን ሰምቶ «ሃያ» አለ። ሃያ ዓመት ተፈረደበት። ሰው ሁሉ ሲሰማ ትንሽ ተነፈሰ፤ ያ ነገር ያለቀ መሰለን።

አላለቀም። በዓመቱ በሃያ አንድ፣ በማርያም ቀን፣ የማኅበራችን ተራ እኔ ቤት ነበር። ጥሩዬ ከማኅበሩ ወጥታለች፤ ደም ያለባቸው ሁለት ቤቶች አንድ ጽዋ አይጠጡም። እናኑ ግን መጥታለች። ጠላው ሳይዞር ገና አንዷ ወሬውን አመጣችው።

«ሰማችሁ? ያ ልጅ ይግባኝ አለ አሉ።»

«የምን ይግባኝ? ገድሎ?»

«ሃያ ዓመት በዛብኝ ብሎ ነዋ።»

«ለማሩስ አልበዛበትም? ለሱ ይግባኝ የሚልለት ማን ነው?»

«ኧረ ቀስ በሉ፣ እናኑ አለች።»

«እኔ እንደሆነ ሳየው አንጀቴን ይበላዋል» አለች አንዲት አሮጊት። «እስር ቤት ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ጢም እንኳ አላበቀለም።»

«ጢም የሌለው እጅ የለውም እንዴ?»

እናኑ ጽዋው ሲደርሳት ተቀበለች፣ ጠጣች፣ ለቀጣይዋ አሻገረች። እኔ እሷን እያየሁ ጠላ ስቀዳ አፈሰስኩ።

በገበያም ያው ነበር። ቅዳሜ ጨው ልትገዛ የወጣች ሴት ሳትጠየቅ ትፈርዳለች። ባለጋሪው ይፈርዳል፣ ሻይ ቤቷ በር ላይ የሚቆሙት ልጆች ይፈርዳሉ። የደነቀኝ አንዱ ሰው ጠዋትና ከሰዓት ሁለት ፍርድ መስጠቱ ነው። ጠዋት «ይሰቀል ነበር» ያለው ሰው ጥሩዬ እንደ ዋዛ ስታልፍ ሲያያት «ምስኪን፣ ልጅ እኮ ነው» ይላል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አዲሱን ሳስብ ጡቴ ይሞቀኛል፤ ማሩን ሳስብ ይበርደኛል፤ ሁለቱ በአንድ ቀን፣ አንዳንዴም በአንድ ትንፋሽ ይመጡብኛል።

አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ወረፋ ይዤ ሳለ ጥሩዬ እህሏን ሳታወርድ አጠገቤ መጣች። ከስታ መቀነቷ ሁለት ዙር ሆኗል። ወፍጮው ስለሚጮህ ጆሮዬ ላይ አፏን አድርጋ ትናገር ጀመር። ጠበቃ ይሁን አብሮት የታሰረ ሰው፣ አንድ አዋቂ ሰው ለአዲሱ «ልጅ ከሆንክ የልጅ ፍርድ አለ» ብሎታል። ይግባኙም በዕድሜው ነው። ችሎቱ ዕድሜውን የሚያውቅ ሰው ይቅረብ ብሏል። እናት ብቻዋን አትበቃም። «መልኬ አይናገርም። አንቺ ነሽ ያለሽው» አለችኝ። አልሰማሁም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። በእርግጥም ግማሹን አልሰማሁም። እሷም ኃይሏን ሁሉ አሰባስባ «አንቺ ነሽ ያጠባሽው! ዕድሜውን ተናገሪልኝ!» ብላ ስትጮህ ወፍጮው ነዳጅ ጨርሶ ጸጥ አለ። ቃሏ ብቻውን ቤቱ ውስጥ ቀረ። ዱቄት የለበሰው ወፍጮ ፈጪ ሳይቀር ዞሮ አየን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈሩ መልኩን ለወጠ። እስከዚያ ድረስ የሚወራው ስለ ገዳይና ስለ ሟች ነበር። ዕድሜ የሚል ቃል ከገባ በኋላ ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። የአዲሱ ዕድሜ ከወረደ ከሱ ጋር የተሰለፉት ሁሉ ይወርዳሉ፤ ዕድሜው የወረደ ደግሞ መሬቱን በምን አፉ ይይዛል? ሁሉም ይህንን ያስባል፣ ማንም አይናገርም፤ ሲናገር «የማሩ ደም» ይላል። ካሴ አንድ ማለዳ ቤታችን መጣ። ጋቢውን እንደ ሽማግሌ አጣፍቶ ተቀመጠ።

«እመቤቴ፣ አንቺ አስተዋይ ሴት ነሽ» አለኝ። «እስቲ ልጠይቅሽ። አዲሱ ያን ጊዜ አሥራ ስድስት ነበር ካልሽ፣ ሲሳይ ስንት ሊሆን ነው?»

«አሥራ ስድስት ከመንፈቅ።»

«እሱን አላልኩሽም!»

ባለቤቴ ሳቀ። ካሴ አልሳቀም። «ለማሩ ደም ብዬ ነው» አለና ወጣ። በሩን ሲዘጋ ባለቤቴ ሳቁን አቆመ። «እንግዲህ አንቺ ሴት፣ ለሲሳይ መሬቱ ሲወሰድበት የምትነግሪው አንቺ ነሽ» አለኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ያን መሬት በሬ ተበድሮ፣ ድንጋዩን በእጁ ለቅሞ ያቀናው እሱ ነው።

ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። «ምን ይላሉ አባ?» አልኳቸው። «እውነት አይደበቅም ልጄ» አሉኝ። «እንግዲያው ልሂድ?» «የአገር ሰላምም አይታወክም።» «እንግዲያው ልቅር?» መስቀላቸውን ዘረጉልኝና «የወንድሜ ልጅም እዚያ ውስጥ አለ እኮ» አሉኝ። ተሳልሜ ወጣሁ። ሲሳይን ጠየቅሁት። «ሂጂ እማ። ልጅ ነበር። ግን ወድቆ ሳለ ደግሞታል፤ እሱንም ንገሪያቸው» አለኝ። አንዱ ልጄ ሌላውን ልጄን እንዴት እንደሚያድነውና እንዴት እንደሚከሰው በአንድ አፍ ነገረኝ። የትኛውን ይዤ እንደምሄድ አላወቅሁም።

በመጨረሻ ወደ እናኑ ሄድኩ። የማሩ ድርሻ ላይ ነበረች፤ ባቄላ ትኮተኩታለች። ከማሩ የቀራት ያ መሬት ነው። ሰውም «የማሩ» ነው የሚለው፣ በስሙ የሚጠራ ሌላ ነገር በዓለም ላይ የለም። አዲሱ ልጅ ነበር ካልኩ ማሩም ልጅ ነበር፤ ማሩ ልጅ ከነበረ ያ መሬት የማንም አይደለም። ይህንን ልነግራት መጥቼ ማሳው ዳር ቆሜ ቀረሁ።

«ልትሄጂ ነው አሉ» አለች ቀና ሳትል።

«አላወቅሁም።»

«ወፍጮ ቤት የነበረ ሁሉ አውቋል። አንቺ ብቻ ነሽ ያላወቅሽ?»

«አትሂጂ ካልሽኝ አልሄድም እናኑ።»

መኮትኮቻዋን አቆመች። «አሃ! እኔ ላይ ጥለሽው ልታርፊ ነው የመጣሽ» አለች። «አልልሽም። ሂጂም አልልሽም፣ አትሂጂም አልልሽም። ያንቺን ጡት ያጠባሽው አንቺ ነሽ።» መልሳ አጎነበሰች። እኔም ተመለስኩ።

ሄድኩ። ለምን እንደ ሄድኩ ዛሬ ብጠየቅ የምናገረው አንድ ምክንያት የለኝም። ንጋት ላይ ነጠላዬን ሳጣፋ እንኳ አልቆረጥኩም ነበር፤ አውቶቡሱ ሲመጣ እጄ ብቻውን ተነሳ። ችሎቱ እስካለበት እስከ ጎንደር ዋጋው አሥር ብር ነበር ያን ጊዜ። ዳባት ላይ ሰው ሲጫን ወርጄ ልመለስ አልኩና መተላለፊያው ላይ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ተጭኖ ስለ ነበር መውጣት አቃተኝ። እንዲህ ያለ ነገር ነው አንዳንዴ የሚወስነው። ጎንደር ስወርድ እናኑ ከዚያው አውቶቡስ ከኋላ በር ስትወርድ አየኋት። ከል ለብሳለች። ሰላም ሳንባባል እሷ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ወደ አንድ ቦታ ሄድን።

አዲሱን ሲያስገቡት ሰማያዊውን ካፖርት ለብሶ ነበር። እጅጌው ከክንዱ ላይ አጥሮ ቀርቷል። በዓመት ውስጥ እንዲህ አድጓል። ሃያ ሞልቶት የታሰረ ሰው እጅጌው እንዲህ ያጥራል ወይ ብዬ አሰብኩ፣ ግን ዳኞቹ ካፖርቱን አላዩትም። ሦስት ነበሩ። መካከለኛው ዳኛ ለስለስ ያለ ድምፅ ነበራቸው።

«ለተከሳሹ ምኑ ነዎት እናት?»

«የጡት እናቱ።»

«ዕድሜውን በምን ያውቃሉ?»

«ከልጄ ጋር እኩል አጥብቼዋለሁ። የተወለደው ከረሃቡ ሁለት ክረምት ቀደም ብሎ ነው። ያን ነገር ያደረገ ጊዜ አሥራ ስድስት ነበር።»

ዐቃቤ ሕጉ ተነሳ። ወጣት ነው፣ ልጅ ይመስላል። «የእርስዎ ልጅ ዕድሜው ደርሷል ተብሎ መሬት ይዟል አይደለም እንዴ? በቀበሌ ሲጠየቅ ሃያ አንድ ነው። እዚህ ሲመጣ አሥራ ሰባት ሆነ። የትኛውን እንመን?»

ባለቤቴ ድንጋይ ሲለቅም ታየኝ። «ጌታዬ፣» አልኩ፣ «ያን የሃያ አንዱን ዓመት እኔ አልወለድኩትም። እኔ የወለድኩት ይህንን ነው።» ከኋላ ሰው ሳቀ። እኔ ለማሳቅ ብዬ አልነበረም። ሁሉን ልጨርስ ብዬ ደግሞ «ግን ወድቆ ሳለ ደግሞታል፤ ልጄ አይቶታል» አልኩ። አዲሱ ቀና ብሎ አየኝና አቀረቀረ። ዳኛው «ስለዚያ አልተጠየቁም» አሉኝ። ጥሩዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። አንድ ላይ አዳንኩትና ገደልኩት መሰለኝ፣ ወይም ሁለቱንም አላደረግሁም።

ዞሬ ልቀመጥ ስል እናኑ ተነሳች። ሥነ ሥርዓት አስከባሪው «ይቀመጡ፣ አልተጠሩም» አላት። «የሟች እናት ነኝ» አለች። መሃል ያሉት ዳኛ እጃቸውን አንስተው «ተዋቸው፣ ይናገሩ» አሉት። «ውሸቷን ነው» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ጥሩዬም እንደዚያ ጠብቃ ዓይኗን ጨፍናለች።

«ልክ ናት» አለች እናኑ። «ሦስቱም እኩያ ናቸው። ማሩም አሥራ ስድስት ነበር። አምና እዚህ ፍርዱ ሲነበብ የሃያ ዓመት ጎልማሳ፣ የሃያ ዓመት ጎልማሳ እያላችሁ አነበባችሁት። ሁለት ጎልማሶች ተጣልተው አንዱ ሞተ አላችሁ። ሰዉም ጎልማሶች ተጣሉ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። የኔ ልጅ ጎልማሳ አልነበረም። የሞተብኝ ሕፃን ነው።»

«ቅጣቱ ይቀነስለት ማለትዎ ነው?»

«አላልኩም!» አለች። «እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ የልጄን ዕድሜ መልሱልኝ ነው ያልኩት።»

ፍርዱ የተነገረው ከሌላ ቀጠሮ በኋላ ነው። ከግማሽ በላይ ተቀነሰለት። ሰፈሩም እንደገና ተከፈለ። «ደሙ ረከሰ» ያሉ አሉ፤ «እኛስ ልጅ መሆኑን መች አጣነው» ያሉም አሉ፣ ያውም ያስፈራሩኝ ሰዎች። የወታደር መኪና በሊማሊሞ ሲወርድ የሚውልበት ጊዜ ስለ ነበር «ልጇን ከዘመቻ ለማስቀረት ነው ዕድሜውን ያወረደችው» የሚል ወሬም በኔ ላይ ወጣ። ይህንን አላሰብኩትም ነበር፤ ከሰማሁ በኋላ ግን አስቤው ይሆን እንዴ ብዬ ራሴን ስጠረጥር ከረምኩ። መሬቱን ማንም አልነካውም። ለመውሰድ ቢነሱ ከማን ጀምረው ማን ላይ ያቆማሉ? ካሴ ዛሬም ሲያገኘኝ ያ ቀን እንዳልነበረ ሆኖ ሰላም ይለኛል። አዲሱ ጊዜውን ጨርሶ ወጣ፤ የሟች እናት ባለችበት ሰፈር አይገባምና በዚያው ወደ መተማ ወርዶ ሰሊጥ ሲያርስ ቀረ። ለዓመት በዓል በሰው ሰላምታ ይልክልኛል። ሰላምታው ሲደርሰኝ፣ ለምን ልዋሽ፣ ደስ ይለኛል፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ የእናኑ ቤት ፊቴ ላይ ድቅን ይላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚመላለስብኝ ግን ያን ዕለት ከጎንደር ስንመለስ የነበረው ነው። ጥሩዬ ልጇን ልታይ ቀረች። አውቶቡሱ ላይ አንድ ወንበር ብቻ ነበር የቀረው፣ እሱም እናኑ ጎን ነው። ተቀመጥኩ። አምባ ጊዮርጊስን አለፍን። የወገራ ገብስ በሁለቱም በኩል ቢጫ ሆኖ ነበር። ሾፌሩ ቴፕ ከፍቷል፣ ያ ሻይ ቤት ውስጥ ሲደጋገም የነበረው ዘፈን ነው፤ እዚህ ድንጋዩ አልደከመም፣ ዘፋኙ ይሮጣል። በስድብ እንደምትወርድብኝ፣ አንድ ከባድ ነገር እንደምትናገረኝ እየጠበቅሁ ነጠላዬን እቋጥራለሁ፣ እፈታለሁ። ዳባትን አልፈን ስንወጣ፣ ወደ መስኮቱ እንዳየች፣

«እስር ቤት የሚሰጡትን ምግብ ይበላ ይሆን?» አለች።

«እንጃ።»

«ከስቷል።»

«ከስቷል» አልኩ።

ትንሽ ሄድን። «ዛሬ ሁለታችንም ልጆቻችንን ትንሽ አደረግናቸው» አለች። ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም፤ የዕለት ነገር እንደምታወራ ነው። «አንቺም ያንቺን፣ እኔም የኔን።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ተስማምተን መሰለኝ፣ እንዲያውም እጇን ልይዝ እጄን አንቀሳቅሼ ነበር።

«ያንቺ ግን ያድጋል» አለች።